የዜሮው መደብ ሐቅ

በ1973 ዓ.ም. ክረምት ደሴ አጠገብ ገራዶ ላይ ለማዳበሪያ ሙከራ አምስት የሳር መደቦች ነበሩኝ። ሳሩ ሮደስ የሚባለው የከብት መኖ ነው። ለአራቱ መደቦች ዩሪያ ሰጠሁ፤ በሄክታር ከሃምሳ ኪሎ ጀምሬ እስከ ሁለት መቶ። አምስተኛው ምንም አላገኘም፤ እሱን ዜሮ እንለዋለን። ኮምቦልቻ ያሉት አለቃዬ ጓድ ወልደ ሚካኤል ገና ከመነሻው አስጠንቅቀውኛል፤ ማዳበሪያው በሳሩ ላይ ያመጣው ለውጥ ዘንድሮ ጎልቶ ካልታየ ሙከራው ይዘጋል፣ እኔም ቢሮ ገብቼ ቅጽ እሞላለሁ። ወንበር ላይ ከዋልኩ ደግሞ ጠባዬ ይከፋል፤ ሲፈጥረኝ ነው።

መሬቱን የሰጡን ሸኽ ሙሄዲን ናቸው፤ ጢማቸው የነጣ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ገበሬ። ሳሩ ከተመዘነ በኋላ ለበሬዎቻቸው ሊሆን ተስማምተናል። ዩሪያውን ስበትን አጠገቤ ቆመው ያዩ ነበር። ዜሮውን ዘልዬ ሳልፍ፣ ይኼኛውስ ብለው ጠየቁኝ። ይኼ አይሰጠውም አልኳቸው። ምክንያቱንም መንገር ነበረብኝ፤ ዝናቡ መጣሁ መጣሁ ሲል ቸኮልኩ።

ነሐሴ ሲጋመስ መደቦቹ በቀለም ተለያዩ። ብዙ ዩሪያ ያገኘው ቅጠሉ ሰፋ፣ አረንጓዴው ጠቆረ፣ ከአንድ ሥር ብዙ ቡቃያ አወጣ። ዜሮው ቢጫ ቢጫ አለ። ደስ አለኝ፤ የእሱ መክሳት የኔ እንጀራ ነው። ከዚያ ስብሰባ በስብሰባ ላይ ተደራረበና አምስት ሳምንት ሳልመለስ ቀረሁ።

መስከረም ላይ ማጭድና ሚዛን ይዤ ስመጣ ዜሮው ከጎረቤቱ በልጦ ቆሟል። አጭደን መዘንን። ሃምሳው አሥራ አራት ኪሎ፣ መቶው አሥራ ስምንት፣ መቶ ሃምሳው ሃያ ሁለት። ሁለት መቶው ከብዶት ተኝቶ ሃያ ሦስት ብቻ ወጣው። ዜሮው አሥራ ዘጠኝ። ሚዛኑን እንደገና ሰቀልኩት፤ አሥራ ዘጠኝ። ስምንት ብዬ ብጽፍ ማን ያውቃል? እውነቱን ለመናገር የስምንትን ቁጥር መጻፍ ጀምሬ ነበር።

የሸኽ ሙሄዲን ፊት ግን በርቷል። አምስቱን ሳምንት በየማለዳው ሁለት ባልዲ እበት በውሃ እየበጠበጡ ሲያጠጡት እንደከረሙ በደስታ ነገሩኝ።

"ለምን?" አልኳቸው፤ ድምፄ ከፍ ብሏል።

"ለሱብሂ ሶላት ስሄድ መንገዴ ላይ ነው፣ ልጄ። አራቱን አብልተህ አንዱን ነሳኸው። ነገ በቂያማ ቀን አላህ ፊት ይኼ መሬት ሐቄን ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?"

ልጮህባቸው ነበር፤ ሽበታቸው ያዘኝ። የታጨደው ሳር ላይ ተቀምጬ መጀመሪያ መናገር የነበረብኝን ነገርኳቸው። ዩሪያው ምን ያህል እንደጨመረ የምናውቀው ምንም ካላገኘው ጋር ስናስተያየው ነው፤ ያለ እሱ የአራቱ ልፋት ከንቱ ነው። ከዚህ ሥራ እንደምነሳም አልደበቅኳቸውም።

"የሱን ሐቅ ስሰጥ ያንተን በላሁ በለኛ" አሉ።

በማግስቱ አብረውኝ በደሴ በኩል ኮምቦልቻ ወረዱ። ጥፋቱ የራሳቸው እንደሆነ፣ እኔ ግን በትክክል እንደሠራሁ ለጓድ ወልደ ሚካኤል ተናገሩ። አለቃዬ የዓመቱን ውጤት ሰርዘው አንድ ዓመት ጨመሩልኝ፤ ሙከራውን ግን ሌላ ገበሬ ጋ ውሰደው አሉኝ። እምቢ ያሉት ሸኽ ሙሄዲን ናቸው።

"ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እኔው ጋ ይሁን። ያልተነካ መሬት ከጎኑ አለኝ። ወላሂ እጄን አላስገባም።"

ቃላቸውን ጠበቁ። በቀጣዩ መስከረም ዜሮው ሰባት ኪሎ፣ ሁለት መቶው ሃያ አራት መዘነ። ሙከራው ቀጠለ፤ እኔም ከቦታዬ አልተነሳሁም። ጎረቤታቸው ሐዋ የነገረችኝ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ያን ክረምት ሙሉ ሸኽ ሙሄዲን ለሱብሂ የሚሄዱት፣ የዜሮውን ሳር ላለማየት፣ በጭቃው በኩል ጋራውን ዞረው ነበር።