የጋራዡ ፑል

ማንደፍሮ ሆላንድ አገር፣ ራይስዋይክ ከተማ ባለው ቤቱ፣ ጋራዡ ውስጥ አንድ ያረጀ የፑል ጠረጴዛ አለው። ሮተርዳም አንድ ቡና ቤት ሲዘጋ ከጓደኛው ከሚሊዮን ጋር ፈታተው ያመጡት ነው። ሚሊዮን ጠቅልሎ አገሩ ከገባ ወዲህ ግን አብሮት የሚጫወት የለም። ጋራዡ ማሞቂያ ስለሌለው፣ እርጥበት ጨርቁን እንዳያበላሸው ብርዱ በገባ ቁጥር በብርድ ልብስ ይሸፍነዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ገልጦ ይቦርሸዋል።

ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ሲቦርሽ ባለቤቱ ብዙወርቅ ካፖርቷን ደርባ ገባች። እንደ ወትሮዋ «ለሰው ስጠው» ልትለው መስሎት አቀረቀረ።

«ደሴ እያለን» አለች፣ «ከትምህርት ቤት ስመለስ በፑል ቤቱ በር አልፍ ነበር። ኳሱ ሲጋጭ ስሰማ ገብቼ ማየት ያምረኛል፤ ግን ሴት ልጅ እዚያ በር ላይ ብትቆም ጉድ ይባል ነበር። አንተ ውስጥ ነበርክ፣ አይደል?»

«ነበርኩ» አላት በቀስታ። ይህን ነግራው አታውቅም።

«እንግዲያው ዛሬ አስተምረኝ።»

ኳስ መምቻውን ስቴካ አቀበላትና ክንዷን አስተካከለላት። ደጋግማ ሳተች። በመጨረሻ ቀይዋ ኳስ ተንከባልላ ቀዳዳው ውስጥ ስትገባ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ሆላንዳዊቷ ጎረቤታቸው ደንግጣ በመስኮት ብቅ አለች። ባልና ሚስቱ እየተሳሳቁ፣ ጣታቸው እስኪደነዝዝ ሲጫወቱ ዋሉ።