የፋኢዛ ፋይል ለፋኢዛ ምስጢር ነው

ፋኢዛ ባሏን ሸሽታ ቂርቆስ ቤት ተከራየች። ከባሏ ጋር የኖረችበት የካዛንቺስ ቀበሌ፣ መሸኛ ስትወስድ ያስመዘገበችውን አዲሱን አድራሻዋን ለባሏ ሰጠው፤ እሱም በሯን ገንጥሎ ክንዷን ሰበረው። አሁን ኡራኤል እህቷ ቤት ተደብቃለች። የእህቷ አድራሻም እዚያው ቀበሌ፣ በቤተሰቡ ፋይል ውስጥ አለ።

ጄሶዋን ታቅፋ ቀበሌ ሄደች።

«የእህቴ አድራሻ ያለበትን ገጽ ከፋይሉ አውጣልኝ» አለችው የመዝገብ ቤቱን ተካን።

«ፋይሉ በአባወራው ስም ነው። እሱ ይፈርምና አምጪ።»

«የሰበረኝ እኮ እሱ ነው።»

«ማለቴ፣ ቢሆንም። ላንቺ ምስጢር ነው።»

«ለሱስ?»

«እሱማ አባወራ ነው። እንዲያውም ከሰዓት እመጣለሁ ብሏል።»

በጄሶው አፍንጫውን መታችው። የገዛ አጥንቷ ዳግም ሲሰነጠቅ ተሰማት። ተካ ደሙን በመዳፉ ሲያቁር ፋይሉን ከፊቱ ነጥቃ ገጹን ቀደደችና አፏ ውስጥ ጎሰረችው።

«ዘበኛ» አለ ተካ፣ «የቀበሌውን ምስጢር እየበላች ነው።»

ዘበኛው ሲደርስ ውጣ ጨርሳለች።