ተገልብጦ የተቀረጸው መዘውር

ሲግኔ የውሃ ፓምፑን መዘውር የእንጨት ሞዴል ከጠረጴዛው ስታነሳ የመዘውሩ ክንፎች ወደ ግራ መጉበጣቸውን አየች። አጠገቡ ያለው የተሰበረው አሮጌ መዘውር ግን ወደ ቀኝ ነበር የጎበጠው። ልጇ ቱቫ አሮጌውን በወረቀት ላይ ስትቀዳ በፊቱ ደፍታው ኖሯል። በዚያ ሞዴል ቅርጽ ብረት አቅልጣ ያፈሰሰችው አዲስ መዘውር ደግሞ በገዛ እጇ በሠራችው አውሮፕላን ፓምፕ ውስጥ ገብቶ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ ሊገፋ ነው። ዛሬ ከሐይቁ በላይ የመጀመሪያ በረራዋ ነው።

የቱቫ ስልክ አይነሳም። ሲግኔ አሮጌውን መዘውር ኪሷ ከትታ በብስክሌት አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ስትደርስ ሞተሩ ይጮኻል።

«አጥፊው! ቱቫ፣ አጥፊው!»

«እማ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሕልም አየሽ?»

«መዘውሩ ተገልብጧል! ሙቀቱን እዪ!»

የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩን መስመር ሊነካ ምንም አልቀረውም። ቱቫ አጠፋችው። ሲቀዘቅዝ ፓምፑን ፈትታ አዲሱን መዘውር እናቷ ከኪሷ ካወጣችው አሮጌ ጋር ጎን ለጎን ያዘች።

«ከሐይቁ በላይ እየበረርኩ ቢሆን ኖሮ…» አለች።

«አትጨርሺው!»

አውሮፕላኑን ገፍተው ወደ መጋዘኑ አስገቡት። ቱቫ ቁልፉን አወጣች፤ ሲግኔ ግን ተቀብላት በሩን ራሷ ቆለፈችው።