ጠረጴዛ ላይ ያልተገኙት

፩

አልተነበቡም።

፪

እንዲህ ያለው አዲሱ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ዶክተር ሰይፈ ነው። የማጣቀሻ ክፍሉን መዝገበ ቃላትና ኢንሳይክሎፒዲያዎች በቆጠራው መሠረት ዓመቱን ሙሉ የነካቸው የለምና ለወረቀት ፋብሪካ ይሰጡ አለ።

በክፍሉ የምትሠራው ትርሲት አላመነችውም። የክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ጋሼ መሸሻ እስከሞቱበት ሳምንት ድረስ እነዚያኑ መጻሕፍት ለተማሪ ሲገልጡ በዓይኗ አይታለች።

፫

ክፍሉን ለኮምፒውተር ፈልጎት ነው።

ወይም ቢሮው ሊያደርገው።

ወይም ጋሼ መሸሻን ድሮም አይወዳቸውም።

አንባቢ ሆይ፣ አንዱን ምረጥ። ትርሲት ሦስቱንም መርጣለች።

፬

ትርሲት፦ ይህን ቁጥር ማን ፈጠረው?

ሰይፈ፦ አሠራሩን ያውቁታል፣ እትዬ። አንባቢ ያየውን ጠረጴዛ ላይ ይተዋል፤ እኛ ስናነሳ እንቆጥራለን። ጠረጴዛ ላይ ካልተገኘ አልተነበበም።

ትርሲት፦ ተነቧል!

ሰይፈ፦ ታዲያ በእግሩ ሄዶ ነው መደርደሪያው ላይ የወጣው?

፭

መደርደሪያውን ልታሳየው ዞረች።

፮

መጻሕፍቱ ሁሉ በየቦታቸው ቆመዋል።

፯

የጋሼ መሸሻ እጅ ታያት። ተማሪው ገና ከወንበሩ ሳይነሳ መጽሐፉን ከፊቱ ያነሳሉ፣ በኮታቸው እጅጌ ጠረግ ያደርጉታል፣ ቦታው ይመልሱታል።

«ኧረ ጋሼ፣ ሳይቆጠር!»

«ተዝረክርኮ ትቼው ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ትርሲትዬ።»

«አትመልሱ» የሚለውን ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ የለጠፉት ራሳቸው ነበሩ። ለተማሪ እንጂ ለእሳቸው መች ሆነና!

፰

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ።

ጥርጣሬ ግን ቤት አያጣም። ዶክተሩን ለቀቀና ሟቹ ላይ ሰፈረ። ረስተው ነው? ንቀው ነው? የሚወዷቸውን መጻሕፍት በገዛ እጃቸው ገደሏቸው ማለት ነው?

ትርሲት በቀብራቸው ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም።

፱

በማግስቱ ክፍሉ ሳይከፈት ገባች። መጻሕፍቱን አውርዳ በየጠረጴዛው ላይ ገለጠቻቸው። የመጨረሻውን ስታስቀምጥ ዶክተር ሰይፈ በሩ ላይ ቆሟል።

«እትዬ ትርሲት፣ ድግስ አለ እንዴ?»

«ተነብበው ነው።»

«ማን አነበባቸው?»

እውነቱን ብትናገር ቆጠራው ይደገም ይሆናል፤ ጥፋቱ ግን በጋሼ መሸሻ ስም ይጻፋል። ብትዋሽ ስማቸው ይተርፋል፤ መጻሕፍቱ ግን የሚተርፉት ሰውየው ካመናት ነው።

ሰውየው ደግሞ ፈገግ ብሏል።

«እየጠበቅኩ ነው፣ እትዬ።»

አንባቢ ሆይ፣ አሁን ደግሞ አንዱን ብቻ ምረጥላት።

፲

ትርሲት፦