ለኪሳራ የሚሆን ምልክት

አስተርጓሚዋ በሥራው ላይ አሥራ አንድ ዓመት ስትቆይ እጇ አልታዘዝ ያላት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያውም በቀጥታ ሥርጭት፣ አገር ምድሩ እያየ።

በቴሌቪዥን ጣቢያው የእሑድ ከሰዓት ውይይት ላይ፣ ከታች ጥግ በምትታየው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ቆማ፣ የሚባለውን ሁሉ መስማት ለተሳናቸው በምልክት ቋንቋ የምታደርሰው እሷ ናት። የግብር አዋጅም ይሁን የኳስ ክርክር ለእሷ ያው ነው። ያልወደደችውን ነገር ተርጉማ ስትወጣ ሰው ከጠየቃት፣ "ቃሉ የነሱ ነው፤ የኔ እጁ ብቻ ነው" ትላለች።

የዚያን እሑድ ርዕስ "ጦርነቱ ስንት አስወጣን?" የሚል ነበር። ጦርነቱ ካበቃ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። ለክርክር የተጋበዙት አንድ ጡረታ የወጡ ኮሎኔልና አንድ የምጣኔ ሀብት ምሁር ናቸው። አስተርጓሚዋን ያሳሰቧት ግን እነሱ አይደሉም፤ ቤት ቁጭ ብሎ የሚያያት ታናሽ ወንድሟ ነው።

ወንድሟን ከልጅነቱ ጀምሮ ሰፈሩ "ሬዲዮ" ነው የሚለው። አፉ አያርፍም ነበር። ውትድርና ሲገባ የተመደበው መገናኛ ክፍል ስለሆነ እናታቸው "ስሙን ሰምተው ነው" እያለች ጎረቤቱን ስታስቅ ከረመች። አንድ ጠዋት እሱና አምስት ጓደኞቹ የተጠለሉበትን ቤት ድሮን መታው። ሁለት ሰው ተረፈ። እሱ እጅ እግሩ ደህና ሆኖ ተመለሰ፤ ጆሮው ግን እዚያው ቀረ።

እህቱ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ ምልክት አስተማረችው። ዓመት ሳይሞላው እጁ እንደ ምላሱ ፈጠነ። መናገሩንም አልተወም፤ ድምፁን ስለማይሰማው ብቻ አንዳንዴ ይጮኻል። እናታቸው ግን ትምህርቱ አልሆነላትም። የራሷን ምልክት ፈጥራ ነው የምትግባባው። አንድ ቀን "ሾርባ ደርሷል" ልትለው ብላ "ሙሽራ ደርሳለች" አለችው። እሱም ሸሚዙን ቀይሮ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ማዕድ ቀረበ።

ክርክሩ በወጉ ነበር የጀመረው። ምሁሩ የአንድ ሚሳኤል ዋጋ ስንት ጤና ጣቢያ እንደሚሠራ አስረዱ። ኮሎኔሉ አዳምጠው፣ "ዋጋ ተከፍሏል። ባንዋጋ ኖሮስ? ያኔ የሚጠፋውን በየትኛው ሂሳብ ይጽፉት ነበር?" ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተራ ጥያቄ አልነበረም። ምሁሩ ወረቀታቸውን ገለጡና እንዲህ አሉ፦

"ለማንኛውም የቀረውን ዕዳ እንይ። አንድ የአካል ጉዳት የደረሰበት ወታደር በሠላሳ ዓመት ውስጥ በሕክምና፣ በጡረታና ሠርቶ ባላገኘው ገቢ ሰባት ሚሊዮን ያህል ያስወጣል። ይኼ ንጹሕ ኪሳራ ነው።"

ለኪሳራ የምትጠቀምበት ምልክት ቀላል ነው። በግራ መዳፍ ላይ ያለ ነገርን በቀኝ እጅ ጠርጎ ወደ ታች መጣል ነው። ጠረገችና ጣለችው። ወዲያው የጣለችው ምን እንደሆነ ታያት። እጇ በአየር ላይ ቀረ። ጆሮዋ ላይ ባለው ማዳመጫ የፕሮግራሙ ዳይሬክተር "እጅሽ፣ እጅሽ" ይላታል፤ እሷ ግን ስምንት ሰከንድ ሙሉ እንደ ሐውልት ቆመች።

ቤት ስትገባ ወንድሟ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። እናታቸው ዳቦ እየቆረጠች አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ታያለች።

"ሰባት ሚሊዮን" አለ ወንድሟ ጮክ ብሎ። "እማ፣ ይኼን ያህል ውድ መሆኔን ብታውቂ ኖሮ በልጅነቴ በጥፊ አትመቺኝም ነበር።"

እናቱ ሳቀች። አስተርጓሚዋ ግን የወንድሟን ሳቅ ታውቃለች፤ ይኼ የሱ ሳቅ አልነበረም። እጇን አንስታ ልታስረዳው ስትል ዓይኑን ጨፈነባት። ለእሱ ይኼ በር ዘግቶ መቆለፍ ነው። ፊቱ ቁጭ ብላ ጠበቀች። እናታቸው ዳቦውን ቆርጣ ጨረሰች፤ የሚቆረጥ ሲጠፋ ፍርፋሪውን ሰበሰበች። ዓይኑን የገለጠው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

"ቁጥሩ አይደለም እታለም" አለ። "ቁጥሩ ይሁን። ጠርገሽ ጣልሽኝ።"

"ምልክቱ እንደዚያ ነው" አለችው በእጇ። "ቃሉ የሳቸው ነው።"

"እጁ ግን ያንቺ ነው።"

ክርክሩ ከስቱዲዮው ተከትሏት ቤት የገባ መሰላት።

"እውነቱን ንገሪኝ" አለ። "አንቺም እንደ ምሁሩ ነው የምታስቢው?"

ልትዋሸው ትችል ነበር። በምልክት መዋሸት ግን ይከብዳታል፤ ፊቷ ቀድሞ ይናገርባታል። "አዎ" አለችው። "ጦርነቱ ኪሳራ ነው። አትሂድ ብዬ የለመንኩህ ለዚህ ነው። አንተ ግን ኪሳራ አይደለህም።"

"እኔንና ጦርነቱን ከየት ላይ ቆርጠሽ ነው የምትለያዪን? አራቱ ጓደኞቼ እኮ እዚያ ውስጥ ናቸው። ሁለት ዓመቴ እዚያ ውስጥ ነው። ደግሞ ኮሎኔሉም ልክ ናቸው አላልኩም። 'ዋጋ ተከፍሏል' ይላሉ። የከፈለው ሌላ፣ ደረሰኙን የያዙት እሳቸው።"

አሁን እውነተኛው ሳቁ መጣ፤ እሷም እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ከዚያ "አንተስ ብትሆን ለኪሳራ ምን ምልክት ትሰጠዋለህ?" አለችው። ብዙ አሰበ። ባዶ መዳፉን ዘርግቶ አየው፤ በሌላው እጁ ሸፈነውና ደረቱ ላይ ያዘው።

"ይኼማ ናፍቆት ነው" አለችው።

"እንግዲያው እሱ ነው።"

በማግሥቱ የውይይቱ መሪ ወደሆነው ጋዜጠኛ ቢሮ ሄደች። ቁጣ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ወንበር ሳበላትና ምን እንደሆነች ጠየቃት። ነገረችው። ሰምቶ ሲጨርስ፣ "በሚቀጥለው እሑድ እነሱኑ እንመልሳቸዋለን። ወንድምሽ ይመጣል?" አላት።

ወንድሟ መጀመሪያ እምቢ አለ። ሁለት ቀን ካንገራገረ በኋላ አንድ ነገር ጠየቀ፦ ሳጥኑ ውስጥ ሌላ ሰው ይቁም፣ እህቱ ግን ከፊት ለፊቱ ትቀመጥ።

እንደዚያው ሆነ። ምሁሩ ገና ሲያዩት ተነሥተው ጨበጡት። ያለፈው እሑድ አነጋገራቸው ሻካራ እንደነበር ነግረውት ይቅርታ ጠየቁ። እሱም የእህቱን እጅ አይቶ ጨረሰና መናገር ጀመረ።

"ሂሳቡ መሠራቱ ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር አልገባበትም። ክፍሌ ፎቅ ላይ ነው። ድሮ ምሳ ሲደርስ እናቴ ከወጥ ቤት ሆና 'ሬዲዮ' ብላ ትጠራኝ ነበር። አሁን ትከሻዬን ልትነካ አሥራ ስምንት ደረጃ ትወጣለች። በቀን ሦስት ጊዜ። ጉልበቷን ያማታል። ተደብቃ ቅባት ስትቀባ አይቻታለሁ፤ ምድር ቤት ልውረድ ስላት አሻፈረኝ አለች። ያ ደረጃ የትኛው ዓምድ ላይ ነው ያለው?"

የእህቱ እጅ ጭኗ ላይ ወደቀ። ቀን ቀን ሥራ ላይ ስለምትውል የእናቷን የጉልበት ሕመም አታውቅም ነበር።

"የትም የለም" አሉ ምሁሩ በቀስታ። ቶሎ ተረጎመችለት።

ወደ ኮሎኔሉ ዞረ። "ጌታዬ፣ ማንም አላስገደደኝም። አምኜበት ነው የሄድኩት፤ ስለዚህ ማንም እንደ ሞኝ እንዲያዝንልኝ አልፈልግም። ግን 'ተከፍሏል' አይበሉ። እናቴ ገና እየከፈለች ነው። የሞቱት የአራቱ ጓደኞቼ እናቶችም።"

ኮሎኔሉ መነጽራቸውን አወለቁ። የመልስ ምት እንዳዘጋጁ ሁሉም ጠብቆ ነበር። እሳቸው ግን "ስለ አራቱ ልጆች ንገረኝ" ብቻ አሉት።

ነገራቸው። አንዱ አናጢ ነበር፤ ባገኘው እንጨት ሁሉ ማንኪያ ይጠርባል። አንዱ ዘፈን የማይችል ዘፋኝ። አንዱ ልጁ ከተወለደች ጀምሮ በፎቶ ብቻ የሚያውቃት። አራተኛው ዝምተኛ ሆኖ፣ ሌሊት በእንቅልፍ ልቡ የሚያወራ። ወንድሟ ስለ እነዚህ ሰዎች ቤት ውስጥ አንድ ቀን ተንፍሶ አያውቅም። ድምፁ እየጮኸ ነበር፤ ዝቅ አድርግ ለማለት እጇን ልታነሣ አለችና ተወችው። የውይይቱ መሪም ጣልቃ አልገባም፤ ፕሮግራሙ ሰዓቱን አልፎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አገር አልተለወጠም። በጀቱም ያው በጀት ነው። ምሁሩ ግን ከወር በኋላ ደውለው፣ ቁስለኛ ስለሚያስታምሙ ቤተሰቦች ጥናት ልጀምር ነውና እናታችሁን ላነጋግር ብለው ጠየቁ። ኮሎኔሉ የአናጢውን ቤተሰብ አድራሻ በደብዳቤ ጠየቁ፤ ሄደውም አዩዋቸው።

እናታቸው በበኩሏ ሳምንት ሙሉ አኮረፈች። "ጉልበቴን ለአገር ሁሉ ነገረብኝ" እያለች ለሴት ልጇ ከሰሰች። የጎረቤቱ ሰው በመንገድ ሲያገኛት ስለ ጉልበቷ መጠየቅ ሲያበዛ ግን ተሸነፈች። ቅዳሜ ዕለት ወንድምና እህት አልጋውን ፈታተው፣ ምድር ቤት ወጥ ቤቱ አጠገብ ወዳለችው ዕቃ ቤት አወረዱት። እናታቸው መጋረጃ ሰቀለች፣ ወለሉን ሁለቴ ወለወለች።

በመጀመሪያው ቀን ያለ ምንም ጉዳይ አራት ጊዜ ገብታ ትከሻውን ነካችው። በአራተኛው ምን ፈልጋ እንደሆነ ሲጠይቃት ምልክቱ ጠፍቶባት እጇን አወናጨፈች፤ እሱም የገባው መስሎ ራሱን ነቀነቀ፤ አልጋው ጫፍ ላይም ቦታ ለቀቀላት።