የድንበሩ ግራር

«አልቆረጥኩም አልኩህ፣ አያ ገነነ። ስንት ጊዜ ልበልህ?»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» ገነነ በዱላው ጫፍ የታናሽ ወንድሙን የመልካሙን አጥር ወጋው። በአሮጌው ደረቅ እሾህ ላይ ገና ጠውልጎ ያልጨረሰ የግራር ቅርንጫፍ ተደርቦበታል። «ድንበራችን ላይ ያለው ግራር ሌሊት ተገንድሶ አደረ። ግንዱ ወድቋል፣ ቅርንጫፉ የለም። አንተ ደግሞ በማለዳ አዲስ አጥር አለህ። ከሰማይ ወረደልህ?»

«ከወንዝ ነው ያመጣሁት። እሾሁን እየው፣ ቅጠሉን እየው። የወንዙ ግራርና የድንበሩ ግራር ለአንተ ይጠፋሃል?»

«እንግዲህ አስተምረኛ። ፍኖተ ሰላም ኮሌጅ ገብተህ የለ።»

መልካሙ ሊያሳየው አንድ ቅርንጫፍ ለመምዘዝ ጎንበስ አለ። ዱላው ያረፈበት ያኔ ነው። መጀመሪያ ክንዱ ላይ፤ እንደ ደረቅ አገዳ ቀጭ አለ። ቀና ሲል ደግሞ ጆሮ ግንዱ ላይ። በጎኑ አጥሩ ውስጥ ወደቀና ራሱን ሳተ።

የገነነ ሚስት ሀብትነሽ ከኋላ ሮጣ ደረሰች። «በቃ። ገድለኸዋል» ብላ መሀል ገባች። በክርኑ አፏን መታት። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደሙ አገጯ ላይ ወረደ። የመልካሙ ሚስት ያምሮት ማጭድ ይዛ ከቤት ስትወጣ ገነነ እጇን ጠምዝዞ አስጣላት፤ ከዚያ ከኪሱ ክብሪት አወጣ።

«የሰረቀውን እሾህ አጥሮበት አይኖርም» አለ።

ሚያዝያ ነው፤ ዝናብ ከጠፋ ቆይቷል። አሮጌው እሾህ በአንዴ ተቀጣጥሎ እርጥቡንም ይዞት ነደደ። ሁለቱ ሴቶች መልካሙን በብብቱ ይዘው ሲጎትቱ የሀብትነሽ እጅጌ በእሾሁ ተያዘ። እሾሁ እንደ ድመት ጥፍር ቆልመም ያለ ነው፤ ወደ ኋላ ስትለው ይብስ ይገባል። እሳቱ ሲቀርባት እጅጌዋን ቀዳ ወጣች።

ጎረቤት ተሰብስቦ መልካሙን በቃሬዛ ወደ ማንኩሳ ጤና ጣቢያ ይዞት ሄደ። ያምሮት የባሏን ጫማ ይዛ ተከተለች። አጥሩ አመድ ሆነ።

ሀብትነሽ ቤቷ ገብታ እጅጌዋን አየችው። የተሰበረ እሾህ እዚያው ተሰክቶ ቀርቷል። የድንበሩ ግራር እሾህ እንዲህ አይደለም። እሱ ነጭ፣ ረጅም፣ እንደ መርፌ ቀጥ ያለ ነው፤ ወግቶ ይለቃል እንጂ ልብስ አይዝም። በየበጋው ከሥሩ የወደቀ ፍሬ ለበጓ ስትለቅም አንድ ቀን እንኳ ቀሚሷን ይዟት አያውቅም።

ከበረቱ በኩል የማኘክ ድምፅ ሰማች።

በጓ ግርግሙ ውስጥ አንገቷን ቀብራለች። ሀብትነሽ ስትዳር ከአባቷ ቤት ከቡሬ ይዛት የመጣችው በግ ልጅ ናት። ሀብትነሽ እጇን ሰደደችና አንድ ለጋ ቅርንጫፍ አወጣች። ፍሬው እንደ አውራ ጣት ወፍራም ነው፤ አረንጓዴ፣ ከነአንጓው። በቅጠሉ መሀል ድብልብል ነጭ አበባ አለ። የወንዙ ግራር አበባ እንደ ጣት የረዘመ፣ ፍሬውም እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። ይሄ የድንበሩ ነው። በራሱ የሚወድቀው ደግሞ ደርቆ የጠቆረው ብቻ ነው፤ በድንጋይ ፈጭታ ነው የምትሰጣት። ለጋው ግን ዛፉ ካልተገነደሰ አይገኝም።

ባሏን ታውቀዋለች። ከሰው ሸክም መንገድ ላይ የወደቀ ገለባ ለቅሞ የሚገባ ሰው ነው። ዛፉን ገንድሶ ቅርንጫፉን ገደል ቢጥልም፣ ጭድ ባለቀበት ወር ያን ሁሉ ፍሬ ሊጥለው አልቻለም።

ገነነ ዱላውን አጥቦ ገባ። ቅርንጫፉን ነጠላዋ ሥር ሸሸገችው።

«ሽማግሌዎች ይመጣሉ» አለ። «ከጠየቁሽ ሌሊቱን ቤት ነበር በይ።»

«ነበርክ እንዴ?»

«አጠገቤ አይደል ያደርሽው?»

«እኔማ ተኝቼ ነበር።»

አንገቷን በአንድ እጁ ያዘና ከምሰሶው አጣበቃት። «ስሚ። የድንበር ዛፍ የቆረጠ ሰው ከድንበሩ ጥግ ያለውን መሬት ይለቃል። የመልካሙ የበርበሬ ማሳ የኛ ይሆናል ማለት ነው። እሱን የመታሁበትም ቅጣት ይቀልልኛል። ለማን ነው የምለፋው? ለዚሁ ቤት አይደል?» ለቀቃት። «አጥሩ ነዷል። ከእንግዲህ የሚታይ ነገር የለም።»

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ድንበሩ ላይ በተገነደሰው ግንድ ተቀመጡ፤ አባ ሃይለ ሚካኤልና ጋሽ ታከለ። ሰው ዙሪያውን ቆሟል። ማንኩሳ ደርሶ የመጣ አንድ ጎረቤት መልካሙ አሁንም ነፍሱን እንደማያውቅ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እንደወሰዱት ተናገረ።

«አጥሩን ያየ አለ?» አሉ አባ።

«እኔ አይቻለሁ» አለ ገነነ። «ይሄው ግራር ነበር።»

«አንቺስ፣ ልጄ? አብረሽ ነበርሽ አሉ።»

ሀብትነሽ የተቀደደውን እጅጌዋን ገንጥላ ከነእሾሁ አባ ጭን ላይ አኖረችው። ከጎኑ ለጋውን ቅርንጫፍ አስቀመጠች።

«እሾሁ ከመልካሙ አጥር የያዘኝ ነው፣ አባ። ፍሬው ከኛ ግርግም ነው። ይዩዋቸው።»

ጋሽ ታከለ ፍሬውን በጥፍራቸው ሰነጠቁት። «ሌሊት የተቆረጠ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ገነነ ዱላውን አንስቶ ወደ ሚስቱ ተወረወረ። ሦስት ሰዎች ወገቡን ጨምድደው ይዘው አብረውት ወደቁ። አንዱን ነክሶ አስጮኸው፤ ሌላው በጉልበቱ ደረቱን ተጫነው። የቀረው ሰው በሽማግሌዎቹ ላይ ተደፍቶ ፍሬውን ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላል። አንዱ ግንዱ ላይ የቀረች ቀንበጥ ቀጥፎ አስተያየ፤ ሌላው እሾሁን ጣቱ ላይ ሞከረ።

ሀብትነሽ ወደ በረቱ ሄዳ በጓን ፈታች። በጓ የመጨረሻውን ፍሬ አፏ ውስጥ ይዛ ነበር፤ እስክትውጥ ጠበቀቻት። ከዚያ ገመዱን እጇ ላይ ጠምጥማ በጓሮ በኩል ወደ ቡሬ መንገድ ወረደች። ሰዎቹ ግንዱ ዙሪያ አሁንም ይከራከራሉ።