ጥለት የሌለው ኩታ

ደስታነሽ ያን ቀን ጠዋት ከቤት ስትወጣ በልቧ የያዘችው አንድ ነገር ነበር፤ የልጇ የሂዊ ሠርግ ላይ ከአዲስ አበባ የሚመጡት የሙሽራው ዘመዶች አይተው አፋቸውን በእጃቸው የሚይዙበት ልብስ መግዛት። ደብረ ማርቆስ ደግሞ ዘንድሮ ሱቅ መች አጣች! በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት የባህል ልብስ ቤት ተከፍቷል፤ መስታወታቸው የሚያብረቀርቅ፣ ሻጮቻቸው ሽቶ ሽቶ የሚሉ፣ ዋጋ ስትጠይቃቸው መጀመሪያ ጫማህን የሚያዩ። እናትና ልጅ ሦስቱንም አዳረሷቸው። ደስታነሽ የከፋዩን ካባ ዳብሳ “ይሄ የማሽን ጥልፍ ነው” አለች። የሐሩን ቀሚስ አገላብጣ “ይሄንንማ የጎረቤታችን ልጅ አግብታበታለች” አለች። የብሩን ድሪ በመዳፏ መዝና መለሰችው።

“እማ፣ ሠርጉ የኔ ነው አይደል?” አለች ሂዊ፣ እግሯ ዝሎ።

“ሠርጉ ያንቺ ነው። ሐሜቱ ግን የኔ ነው።”

አራተኛው ቤት ሱቅ አልነበረም፤ ሀይለመለኮት የሚባል ወጣት ሠዓሊ አሮጌ የድንጋይ ቤት አድሶ የከፈተው የሥዕል ማሳያ ነው። በፊተኛው ክፍል ሥዕሎቹ፣ በጓዳው ደግሞ ከየገጠሩ የሰበሰባቸው የእጅ ሥራዎች ተሰቅለዋል። ደስታነሽ እናቷ ቤት ዶሮ የምታርፍበት ዓይነት አገልግል እዚህ መብራት በርቶለት፣ ዋጋ ተለጥፎለት ስታይ “ወይ ጉድ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም” ብላ ሳቀች። የዕለቱ የመጨረሻ ሳቋ ነበር።

“እማ! ነይማ ተመልከች!”

ሂዊ ጓዳው ጥግ ቆማለች። ከእንጨት ዘንግ ላይ አንድ ነጭ ኩታ ተንጠልጥሏል፤ ጥለት የለው፣ ጥልፍ የለው፣ ነጭ ብቻ። ከሥሩ “ጸጥታ” የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል።

“እጅ ፈትል ነው” አለ ሀይለመለኮት ከኋላቸው መጥቶ። “ማንም ለብሶት አያውቅም። ጥለት ስለሌለው ነው እኔ የወደድኩት። እርስዎ ይንኩት እስቲ፣ እንዲህ ያለ ፈትል አሁን የለም።”

“ልሞክረው?” አለች ሂዊ። ልጁ አውርዶ ከትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። ሂዊ መስታወት ፊት ዞር ዞር አለች፤ ኩታው ከትከሻዋ እስከ እግሯ ወረደ። ያምራል ከተባለ ይህ ነው የሚያምረው። ደስታነሽም “እሰይ! ይኸውላችሁ! የአዲስ አበባ ሰው ይምጣና ይይ!” ብላ አጨበጨበች፤ ደረቷ ላይ የተጨማደደውን ልታስተካክል ተጠጋችና እጇን ሰደደች።

ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ሌላው እንደ ውሃ ሲንሸራተት እዚያች ጋ፣ አንድ ጣት በሚያህል ስፋት፣ ክሩ ወፈር ብሎ ጓጉሏል።

ክው አለች።

ያንን ቦታ ታውቀዋለች። እናቷ ወይዘሮ ሥራነሽ ሮብ ገበያ በምትባለው የገጠር ከተማ ባለው ቤቷ ባዘቶውን ዘርግታ እየፈተለች ሳለ ነበር የባሏን ሞት የተረዳችው። እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ፈትሉም ወፈረ። ሸማኔው “ይህን ላውጣው” ቢላት “ተወው፣ የሱ ቀን ነው” አለችው። ሲሠራም አጥፋ ከሣጥኗ ግርጌ አስቀመጠችው። ያገር ሴት ሁሉ እንደምታደርገው የገዛ መግነዟን ነበር የፈተለችው። ጥለት የሌለውም ለዚሁ ነው፤ ወደ መቃብር ጥለት ተለብሶ አይወረድም። “ስትገንዙኝ ያች የወፈረችው በደረቴ በኩል ትዋል” ብላ ለደስታነሽ በጣቷ አስነክታታለች። ደስታነሽም “እሺ እማ፣ ቃሌ ነው” ብላለች።

ያ መግነዝ አሁን የሙሽራ ልጇ ደረት ላይ ነው።

“አውልቂው! አውልቂው ብዬሻለሁ!” ጩኸቷ ከፊተኛው ክፍል ሥዕል የሚያዩትን ሰዎች አስበረገገ። ልጅቱ ትከሻ ላይ ተንጠልጥላ ገፈፈችው። “የማርያም ያለህ! የሙት ልብስ! ልጄን የሙት ልብስ አለበስካት፣ አንተ!”

“የምን ሙት?” ሀይለመለኮት ፊቱ አመድ መሰለ። “እትዬ፣ ይረጋጉ፣ አዲስ ነው እኮ…”

“የእናቴ መግነዝ ነው!”

ሂዊ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው አፈገፈገች። ኩታው የነካት ቦታ ሁሉ የሚያቃጥላት ይመስል ክንዷን ታብሳለች። “እቴቴ ሞታለች እንዴ?” አለች፣ እንባዋ መጣ።

“ትናንት በስልክ አውርቻታለሁ። ማን ነው ያመጣልህ? ተናገር!”

“አንድ መምህር ነው፤ ሮብ ገበያ የሚያስተምር። ኅዳር ላይ ነው ያመጣው። ታረቀኝ ነው ስሙ።”

ደስታነሽ ወንበር ላይ ዘጭ አለች። ታረቀኝ የእናቷ ተከራይ ነው። ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ፣ እናቷ “ልጄ” እያለች ጎመኗን የምታካፍለው። የሰው አገር ሰው! ዓይኗ በሞራ ከተጋረደ አሮጊት ሣጥን ከፍቶ መግነዝ የሚሰርቅ! ሰው ምን ቀረው ታዲያ? ፖሊስ ልጥራ ብላ ስልኳን አወጣች፤ ደግሞ ተወችው። ፖሊስ ከመጣ እናቷ መስማቷ ነው። ያቺ ሴት ሞትን አትፈራም፤ ሳትገነዝ መቅረትን ግን ትፈራለች። ሣጥኗ ባዶ መሆኑን ብትሰማ ዕለቱን ልቧ ቀጥ ማለቱ አይደል?

“ደውይላት እማ። ብቻዋን ከሌባ ጋር ነው እኮ ያለችው” አለች ሂዊ።

ደወለች።

“እማ፣ አትደንግጪ። ተቀምጠሻል?”

“ቆሜ ነው። ምነው?”

“ያ ታረቀኝ… ሣጥንሽን… መግነዝሽን ሰርቆ ሸጦታል። አሁን በእጄ ይዤዋለሁ። አይዞሽ፣ እመልስልሻለሁ።”

ደስታነሽ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

“ልጄን ሌባ አትበይብኝ” አለች እናቷ። “አጥፌ በእጁ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሽጥልኝ አልኩት፣ ሸጠልኝ።”

“ምን?”

“ለዓይኔ ነዋ! አምና ሞራው ጋረደኝ፣ አሳክሚኝ ብዬሽ ምን አልሽኝ? ‘ሠርጉ ይለፍና’ አልሽኝ። እኔ ሳላየው ሊያልፍ? የልጅ ልጄን ሠርግ በጆሮዬ ልሰማው? ታረቀኝ ባሕር ዳር ወስዶ አሳከመኝ። ሁለቱንም። ጎሽ፣ ዛሬ ጮቄ ተራራ ላይ ያለውን ደመና ሳይቀር አያለሁ።”

ደስታነሽ ‘ሠርጉ ይለፍና’ ማለቷን ታስታውሳለች። የሠርጉን ካባ ዋጋ እየደመረች ነበር ያለችው።

“እማ፣ ሂዊ ለብሳው ነበር” አለች በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ።

“ታዲያስ? የሸጥኩት ዕለት መግነዝነቱ አበቃ፤ ኩታ ነው። አማረባት?”

“አዎ… ግን እማ፣ ጥር ላይ መጥቼ ነበር እኮ! ሁለት ሌሊት አድሬ! ምነው አልነገርሽኝም?”



“ለአስተርእዮ ማርያም መጣሽ። ገና ከበሩ ሳትደርሺ አየሁሽ። ፀጉርሽ እንዲህ መሸበቱን አላወቅሁም ነበር፤ ዞር ብዬ አለቀስኩ። ‘አሁን ትደርስብኛለች፣ አሁን እልል ትላለች’ ብዬ ዝም አልኩ። ጠላውን ሳላፈስ ቀዳሁልሽ። እንግዳ ሲመጣ በስሙ ጠራሁ። አንቺ ስለ ድንኳኑና ስለ መኪናው ታወሪ ነበር። ቀሚስሽ ከታች ተተርትሮ ነበር፤ መርፌው ውስጥ ክር ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ የሰፋሁልሽም እኔ ነኝ፣ ፊትሽ ቁጭ ብዬ። ‘እሰይ እማ’ ብለሽ ወሬሽን ቀጠልሽ። እኔ አየሁሽ ልጄ። አንቺ ነሽ ያላየሽኝ።”

ስልኩ ተዘጋ። ሀይለመለኮት ኩታውን እንደያዘ ቆሟል፤ ይስቀለው ይጠቅልለው አላወቀም። ሂዊ “ምን አለችሽ? እማ፣ ምን አለችሽ?” ትላለች።

ደስታነሽ ያንን ቀሚስ ዛሬም ለብሳው ነበር። ጎንበስ ብላ ጫፉን ገለበጠች። ስፌቱ እዚያው አለ፤ ደቃቅ፣ እኩል እኩል፣ አንዱም ያልተዛነፈ። ሁለት ወር ሙሉ ለብሳዋለች፣ አጥባዋለች፣ ተኩሳዋለች።